«ሞትኩ!» የሚያሰኘው ሪዛም

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ «ሞትኩ!» ስክሪኑ ላይ የወደቀው በኮምፒውተር የተሳለ ሰውዬ ነው። ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ ግን «ሞተ» አይልም። ፊልም የሚያይ ሰው አክተሩ በጥይት ሲመታ ያዝን ይሆናል እንጂ «ተመታሁ» ብሎ አይጮህም። የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕሪን ከልቦለዱም ከፊልሙም የሚለየው ነገር ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው።

በየዓመቱ እጅግ ብዙ የጌም ገጸ ባሕሪያት ይፈጠራሉ፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁ ያልፋሉ። ጥቂቶቹ ግን ጌም ነክተው የማያውቁ አያቶች ሳይቀሩ የሚለዩዋቸው ሆነዋል። ምክንያቱን ለማየት ከማሪዮ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው ኒንቴንዶ በ1980ዎቹ መባቻ አሜሪካ ላይ ኪሳራ ተጋርጦበት ነበር። «ራዳር ስኮፕ» የተባለው በሳንቲም የሚሠራ ጌሙ ገዢ አጥቶ 2,000 ያህል ማሽኖች መጋዘን ውስጥ ቀሩ። ማሽኖቹ እንዳይጣሉ በሌላ ጌም የመለወጡ ሥራ የተሰጠው ዋና ሆኖ ጌም ሠርቶ ለማያውቀው ወጣት ዲዛይነር ለሺጌሩ ሚያሞቶ ነው። እሱ መጀመሪያ ያሰበው የካርቱኑን መርከበኛ ፖፓይን ነበር፤ ፈቃዱ ሳይገኝ ቀረ። ስለዚህ የራሱን ሰው ፈጠረ፤ ጎሪላ የጠለፈበትን ወዳጁን ለማስመለስ በርሜል እየዘለለ የሚወጣ አናጢ። ጌሙ በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ተብሎ ወጣ።

ሚያሞቶ ይህን አናጢ የሚስልበት ሜዳ ወርዱም ቁመቱም 16 ነጥብ ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ አፍና አፍንጫን ለያይቶ መሳል አይቻልም። ስለዚህ ትልቅ አፍንጫ ሰጠውና ከሥሩ ሪዝ አኖረ፤ ሪዙ አፍንጫውን አጉልቶ አፉን ሸፈነለት። ሲዘል የሚበተን ጸጉር መሳልም ጣጣ ነው፤ ቆብ ተደፋበት። ሲሮጥ ክንዱ ከደረቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ማንጠልጠያ ያለው ቱታ ለበሰ፤ የእጅጌውና የቱታው ቀለም ስለሚለያይ እጁ ሲወዛወዝ ከሩቅ ያስታውቃል። ዛሬ ዓለም የማሪዮ መልክ ብሎ የሚያውቀው ሁሉ ከማሽኑ አቅም ማነስ የተወለደ ነው። ያም ማነስ ውለታ ውሎለታል። ዝርዝር ያልበዛበትን መልክ የአምስት ዓመት ልጅ በእርሳስ ይስለዋል፤ ከመላ ሰውነቱ ቆቡና ሪዙ ብቻ ቢቀሩ እንኳ ማንነቱ አይጠፋም።

ስሙን ያገኘው ሲያትል አካባቢ ለኒንቴንዶ መጋዘን ካከራየው ከማሪዮ ሴጋሊ ነው። አናጢውም በ1983 ሥራ ቀይሮ የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ።

መልኩ ብቻ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ባላሻገረው ነበር። በ1985 የወጣውና ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ላይ ሰውን የያዘው ዝላዩ ነው። ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀ ተጫዋች ማሪዮን ትንሽ ያዘልለዋል፤ ተጭኖ የቆየ ከፍ ያደርገዋል። ተንደርድሮ የዘለለ ሩቅ ያርፋል፤ ሮጦ ሊቆም ሲል ደግሞ እግሩ ጥቂት ይንሸራተታል። አየር ላይ እያለ አቅጣጫ ማስቀየርም ይቻላል። በምድር ላይ እንዲህ የሚዘል ፍጡር የለም፤ ጣት የሚፈልገው ግን ልክ ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሜዳ አከፋፈትም ያስደንቃል። ማሪዮ በግራ በኩል ቆሞ ወደ ቀኝ ያያል፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረው ተጫዋቹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወዲያው አንድ ቡናማ ፍጡር ይመጣበታል። ካልዘለለ ይሞታል፤ ሞቶም መዝለልን ይማራል። «ሞትኩ» የምትለው ቃል የምትወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ የማሪዮ ሳይሆን የራስ መሆኑን ተጫዋቹ ያውቃልና።

ሚያሞቶ ይህን በደንብ ተረድቶት ነበር። ማሪዮ በ1996 ወደ ሦስት አውታር (3D) ዓለም ሲገባ ቡድኑ ሜዳዎቹን ከመገንባቱ በፊት ማሪዮ ጥንቸል የሚያባርርበት ቀላል መሞከሪያ ሠርቶ ሩጫውንና ዝላዩን ሲያስተካክል ቆየ። ዓለሙ የተገነባው ሰውየውን ማንቀሳቀስ ብቻውን ካስደሰተ በኋላ ነው።

ባብሲ ይህን አላገኘም። በ1993 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ይህ ተናጋሪ የዱር ድመት የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ካናቴራ፣ የማያልቅ ቀልድና ብዙ ማስታወቂያ ነበረው፤ የቴሌቪዥን ካርቱን ሙከራ ሳይቀር ተሠርቶለታል። ሲጫወቱት ግን ያንሸራትታል፣ ከከፍታ ሲወድቅም ይሞታል። የማሪዮ ሦስት አውታር ጌም በወጣበት በዚያው በ1996 የባብሲም ወጣ፤ ለመዞር እንኳ የሚያስቸግር በመሆኑ እስከ ዛሬ በመጥፎ ምሳሌነት ይነሳል። ጠባይ በንግግር ይመጣል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ በሠራው «ፓክማን» ውስጥ አራቱ መናፍስት አንድም ቃል አይናገሩም፤ ቅርጻቸውም አንድ ነው። ሆኖም ቀዩ ከኋላ ይከተላል፣ ሮዟ ከፊት ቀድማ ትጠብቃለች፣ ብርቱካናማው ደግሞ ቀርቦ ቀርቦ ይሸሻል። ተጫዋቾች ከአንዳንድ የፊልም አክተሮች ይልቅ እነዚህን ጨርቅ የለበሱ የሚመስሉ ነገሮች ለይተው ያውቃሉ።

ገጸ ባሕሪው አንዴ እንዲህ በሰው እጅ ካደረ የፈጣሪው ብቻ አይሆንም። ሴጋ በ1991 ያወጣው ሰማያዊው ጃርት ሶኒክ ተጫዋቹ ሲዘገይ እግሩን መሬት እየመታ የሚቆጣ ፈጣን ፍጡር ነው። ፊልሙ ተሠርቶ በ2019 ማስታወቂያው ሲወጣ ታዳሚው ሌላ ፍጡር አየ፤ ዓይኖቹ ትንንሽ ሆነው ተለያይተዋል፣ ጥርሱም የሰው ጥርስ መስሏል። ተቃውሞው በረታ። በቀናት ውስጥ ዳይሬክተሩ መልኩ እንደሚስተካከል ቃል ገባ፤ ፊልሙም ከኅዳር 2019 ወደ የካቲት 2020 ተላለፈ። ሶኒክ በትልልቅ ዓይኖቹ ተመልሶ ወጣ። ሲኒማውን ያስገደዱት ሰዎች የእውነት የተቆጡ ነበሩ፤ በልጅነታቸው በጣታቸው ያሮጡት እነሱ ናቸውና።

በነሐሴ 2016 የሪዮ ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ ቶኪዮ ተረኛ አዘጋጅነቷን ስትረከብ ማራካና ስታዲየም መሃል አረንጓዴ ቧንቧ ቆሞ ታየ። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ቀይ ቆብ ይዘው ከውስጡ ወጡ። ቆቡ ሚያሞቶ ከ35 ዓመት በፊት ጸጉር መሳል ቢቸግረው የደፋው ያው ቆብ ነበር።