የቤት ሥራው ንባብ ሲሆን

እንደሚታወቀው ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ከሂሳብ እስከ ታሪክ ያለውን ትምህርት የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንድ ገጽ አንብቦ ፍሬ ነገሩን መናገር ያልለመደ ልጅ እዚህ ሲደርስ የሚገጥመውን ጭንቅ እኛ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ዕለት በዕለት እናየዋለን። ጥፋቱን በታች ክፍል መምህራን ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ይልቅስ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል የሚሰጠው የቤት ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ መመርመሩ ይበጃል።

አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሥራ ማለት ጥያቄውን ገልብጦ መልሱን ከምንባቡ ፈልጎ መጻፍ ነው። ይህ ደግሞ ሳያነቡም ይሠራል። ጥያቄው «አርሶ አደሩ ወደ ገበያ ለምን ሄደ?» ቢል ተማሪው «ገበያ» የሚለውን ቃል በዓይኑ አድኖ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገለብጣል፤ እርማትም ያገኛል።

ታዲያ ያነበበውን ካላነበበው በምን እንለያለን? የአማርኛ ጽሕፈት ራሱ ዘዴ ያቀብለናል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። «ልጁ ገና አልመጣም» ሲባል «ገና» ላልቶ ይነበባል፤ በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል። «ዋና ከተማ» ይጠብቃል፤ የውሃው ዋና ይላላል። «እሺ አለ» እና «ሰው አለ» እንዲሁ ናቸው። አንባቢው ሐሳቡን ካልተከተለ ቃሉን በትክክል ማሰማት ይቸግረዋል።

ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች እናትም ዳኛ መሆን ትችላለች። ልጇ «ጎረምሳው ዋና ይችላል» የሚለውን አጥብቆ ቢያነብባት፣ እንጀራዋን እየጋገረች «ምን አልክ? እስቲ ድገመው» ትለዋለች። ብዙ ወላጆች «እኛ አልተማርንም፣ ምን እናግዘው» ሲሉ እንሰማለን። ጆሯቸው እንደሚበቃ መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው።

ጊዜውም ቢሆን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከብት የሚጠብቅ ወይም ውሃ የሚቀዳ ልጅ ማታ በኩራዝ እንዲያነብ ከማስገደድ ቀን እንዲያነብ መፍቀድ ይሻላል። መጽሐፍ ካነሰ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን መጽሐፍ ተራ በተራ ያንብቡ። በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች መጽሐፍ ያደርስ ነበር፤ እኛም ትርፍ መጻሕፍትን በካርቶን አድርጎ ከክፍል ክፍል ማዞር አያቅተንም።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ንባብ በደብተር ላይ አይታይም። ባዶ ደብተር ያየ ተቆጣጣሪ ወይም ወላጅ መምህሩን ሰነፍ ሊለው ይችላል፤ የመገልበጡ ልማድ የማይለቀንም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። መፍትሔው የስም ዝርዝር ይዞ በየቀኑ አምስት ተማሪዎችን ጥቂት መስመር ማስነበብ፣ ከዚያም መጽሐፉን አስዘግቶ ያነበቡትን በራሳቸው ቃል ማስነገር ነው። ሃምሳ ተማሪ ያለበት ክፍል በአሥር የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ዝርዝሩን ርእሰ መምህሩም እንዲያየው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ የሳተው ልጅ ስም አጠገብ ግን ኤክስ ባይደረግ ይመረጣል።