ኦክስጅኑ ከየት ይመጣል?

በእናቴ አልጋ አጠገብ ያለው ማሽን በየጥቂት ሰከንዱ «ጵስስ» ይላል። ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይኼ ነገር ሲያልቅ የት ነው የሚሞላው?» አይሞላም፤ እንደ ሲሊንደር የታጨቀበት ኦክስጅን የለም። ኦክስጅንም አይፈጥርም። ሥራው ከቤቱ አየር ላይ ናይትሮጅኑን መልቀም ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ማሽኑ አየሩን ስቦ አቧራውን በማጣሪያ ያስቀርና ጨምቆ፣ ዚዮላይት የሚባል ጠጠር መሳይ ነገር ወደ ተሞላ በርሜል ይሰደዋል። ዚዮላይት ግፊት ሲበረታበት ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። ሲጠግብ ግፊቱ ይለቀቅና የያዘውን ወደ ክፍሉ ይመልሳል፤ «ጵስስ» የሚለው ያኔ ነው። በርሜሎቹ ሁለት ስለሆኑ ተራ እየገቡ ይሠራሉ፤ በቀጭኑ ቱቦ አፍንጫ የሚደርሰው አይቋረጥም። ደህና ማሽን ከ90 እስከ 95 በመቶ ኦክስጅን ያወጣል። መቶ የማይሞላው በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት አርጎን ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ነው። የክፍሉን አየር ይጨርስብናል ብሎ የሚሰጋ አለ፤ አይጨርስም፣ ናይትሮጅኑም የምትተነፍሰውም እዚያው ይመለሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሲገዛ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ ላይ እንጀራ የጋገረች ናት፤ ሳንባዋን የጎዳውም ያ ጭስ ነው። ማሽኑን «ሲያፍነኝ ብቻ» እያለች ታጠፋው ነበር፤ የመብራቱ ሂሳብ አሳስቧት። ኦክስጅን እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። በደም ውስጥ ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ የልብም የቀኝ ክፍል በዚያ ላይ ደም ሲገፋ ይደክማል፤ ይህ የሚሆነው ሳያፍናትም፣ ተኝታም ነው። በ1980 እና በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካና በብሪታንያ የወጡ ሁለት ጥናቶች ኦክስጅናቸው በጣም ያነሰ ሕሙማን በቀን ረዘም ላለ ሰዓት ሲወስዱ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳዩ። በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ስለ ሂሳቡም ነገርኳት፦ ማሽኑ የሚበላው 350 ዋት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አሥር እጥፍ ይበላል። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ አታጠፋውም።

የፍሰቱን ቁጥር ግን ማንም አይንካባት። ሐኪሙ በደቂቃ 2 ሊትር ካለ 2 ነው። እንደ እሷ ባለ ሕመም ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ይጠራቀማል፤ ራስ ያዞራል፣ ያፈዛል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከ88 እስከ 92 እንዲያሳይ ነው፣ 100 አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ ይቆማልና የተሞላ ሲሊንደር አጠገቧ እናኖራለን።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያጋግለዋል። ጋቢና ፀጉር ውስጥ ይገባና ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ ሲጋራ፣ ሻማ፣ ከሰልና ዕጣን እሷ ካለችበት ክፍል ወጥተዋል፤ ለደረቀ አፍንጫዋም ቫዝሊን አንቀባም። ረከቦቱ አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ቡናው እዚያ ይቆላል፣ እዚያ ይፈላል፣ ሲኒው ብቻ ወደ እሷ ይገባል።