ቀላል የብስክሌት መሣሪያና መለዋወጫ ለካርቱም መንገድ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከድልድዮቿ በቀር አቀበት የሚባል ነገር ስለሌለባት ብስክሌት ለጸሓፊውም፣ ለተማሪውም፣ ለአትክልተኛውም ተስማሚ መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን የምድሩ መስተካከል ተጓዡን ሊያታልለው አይገባም። በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ዘወትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከከተማው ዳርቻ ዐሥር ኪሎ ሜትር ወጥቶ ጎማው የተነፈሰበት ሰው የሚታገለው ከመንገዱ ርዝመት ጋር ሳይሆን ከውኃ ጥም ጋር ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊመዝን የሚገባው ውኃውን ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በሙቀቱ ወራት ግማሽ ቀን ለሚጓዝ ሰው አራት ሊትር እንኳ ብዙ አይባልም። በዚህ ላይ የሚጠብና የሚሰፋ ትልቅ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ሣጥን አድርጎ ከኋላ ቢጭን ሁለት ሦስት ኪሎ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም ጭነቱ በከበደ ጊዜ የሚቀነሰው ውኃው ነው። በጥንቃቄ የተመረጠ መሣሪያ ግን፣ ትርፍ የውስጥ ጎማውና መንፊያው ሳይቀር፣ ከሰባት መቶ ግራም ማለፍ የለበትም።

ምርጫው የሚጀመረው በሱቅ ሳይሆን በቤት ነው። ባለቤቱ ብስክሌቱን ገልብጦ የፊቱንና የኋላውን መንኰራኵር ያውጣ፤ ጎማውን ነቅሎ መልሶ ያግባ፤ ፍሬኑንም ያላላና ያጥብቅ። ይህን ሲያደርግ እጁ የገባውን መሣሪያ ለብቻው ያኑር። ሥራው ካለቀ በኋላ ያልተነካ መሣሪያ ሁሉ ከቤት ሊቀር ይገባዋል። በብዙ ሰው ቦርሳ ውስጥ ከብስክሌቱ ብሎኖች ከአንዱም ጋር የማይስማማ መፍቻ ለዓመታት ሲዞር ይገኛል።

እንደ እንግሊዙ ራሌይና እንደ ሻንጋዩ ፊኒክስ ያሉት፣ በአፍሪካና በእስያ ብዙ አገሮች የታወቁት ጥቁር ብስክሌቶች መንኰራኵራቸው በዳዶ የሚታሰር ነው። የኋላው ዳዶ ብዙ ጊዜ 15 ሚሊሜትር ስለሆነ ለዚያ አንድ ጠንካራ መፍቻ፣ ለቀሩት ደግሞ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ መፍቻ ይበቃል። የዛሬዎቹ ብስክሌቶች በአንጻሩ በአብዛኛው ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚፈልጉ ናቸው፤ 4፣ 5ና 6 ሚሊሜትር የሆኑት ከትንሽ ካቻቢቴ ጋር በአንድነት ተጣጥፈው ይሸጣሉ። በዚህ ቦታ ግን ቅለትን ብቻ መፈለግ ጥፋት ነው። ከለስላሳ ብረት የተሠራ መፍቻ በመጀመሪያው ጥረት አፉ ይከፈታል፤ የዳዶውንም ማዕዘን በልቶ ችግሩን ሁለት ያደርገዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳብ የሚያሻው ጎማው ነው። በካርቱም፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ሱንት የሚባለው የግራር ዘር ይበቅላል፤ እሾሁ ቀጥ ያለና ረጅም ነው። በእርሻ ዳርና በመንገድ ጥግ ደግሞ ገበሬዎቻችን ኩርንችት የሚሉት፣ ሱዳኖች ድሬሳ ብለው የሚጠሩት በምድር ላይ የሚሳብ አረም ይበቅላል። ፍሬው በማናቸውም ወገን ቢወድቅ እሾሁ ወደ ላይ ስለሚቆም አንድ ጎማ በጥቂት ርምጃ ውስጥ አምስትና ስድስት ቀዳዳ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ወይም ካላማዳሪ ብቻ ይዞ መውጣት በዚህ አገር አይበቃም፤ ቢያንስ ስምንት ያህል መለጠፊያ፣ ትንሽ ማስቲሽና የአውራ ጣት ስፋት ያለው ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ነው።

ካላማዳሪው ሲገዛ ልኩን መመርመር ይገባል። በጎማው ላይ 28 የሚል ቍጥር መጻፉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የቀድሞው ጥቁር ብስክሌት ቸርኬ 635 ሚሊሜትር ሲሆን፣ እንዲሁ 28 እየተባለ የሚጠራው የዘመናዊው ብስክሌት ቸርኬ ግን 622 ሚሊሜትር ነው። የውስጡ ካላማዳሪ በመለጠጡ ለችግር ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ የውጭው ጎማ ግን ከቶ አይስማማም። እንዲሁም በጥቁሮቹ ብስክሌቶች ዘንድ የተለመደው የቀድሞው ዓይነት የአየር ማስገቢያ በውስጡ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ አለው። ይህች ላስቲክ በሙቀት ትሰነጠቅና ጎማው ሳይበሳ አየሩ ያልቃል። የሁለት ጣት ያህል ትርፍ ላስቲክ ክብደቷ ከምንም አይቈጠርም፤ ብትረሳ ግን ቀኑን ሙሉ በእግር ታስኬዳለች።

ቀዳዳውን ለመፈለግ የመጠጥ ውኃ ማፍሰስ አያሻም። ካላማዳሪውን ነፍቶ ወደ ከንፈር ወይም ወደ ጕንጭ ቢያስጠጉት የሚወጣው አየር ይታወቃል። በጀዚራ በኩል የሚጓዝ ሰው ቦዩ በአጠገቡ ስላለ በዚያ ውስጥ ነክሮ ለመፈለግ ይፈተን ይሆናል። የሰናር ግድብ በ1925 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ካለቀ ወዲህ በተስፋፋው በዚያ የመስኖ ቦይ ውስጥ የብልሃርዝያ በሽታ ሲያስቸግር የኖረ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ቀዳዳ ብሎ እጅን በቦይ ውኃ መንከር ትርፉ ከጕዳቱ ያንሳል። አዲሱ ካላማዳሪ ከመግባቱ በፊትም የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን መዳሰስ ግድ ነው፤ የተሰበረው እሾህ በዚያው ቀርቶ ወዲያው ይበሳዋልና። ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል እስኪደርቅ ሳይታገሡ የለጠፉት አይይዝም። አንድ ጊዜ የተከፈተ ማስቲሽ በካርቱም ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ አንድ ትልቅ ከመያዝ ይልቅ ያልተከፈቱ ሁለት ትናንሽ መያዝ ይሻላል።

ጎማ ለመንቀል ብዙ ሰው በማንኪያ እጀታ ይጠቀማል። ማንኪያው ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ጠርዙ ካላማዳሪውን ደግሞ ይበሳዋል። ሁለት የናይሎን መንቀያዎች 30 ግራም ቢመዝኑ ነው። በታመቀ ጋዝ የሚነፉት ትናንሽ ጠርሙሶች ለእሽቅድምድም መልካም ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል ኩርንችት በበዛበት አገር የእጅ መንፊያን ሊተካ አይችልም። በመንፊያው አካል ላይ የተጠቀለለ የአንድ ክንድ ያህል ማጣበቂያ ፕላስተርና ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ቁራጭ፣ የውጭው ጎማ በተቀደደ ጊዜ መንገዱን ያስጨርሳሉ።

ለሰንሰለቱ አንድ መጋጠሚያ መያዝ ይበቃል፤ ልኩ ግን ከሰንሰለቱ ስፋት ጋር አንድ መሆን አለበት። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት ወራት ወፍራም ዘይት አቧራውን እየሰበሰበ ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ስለሚበላው፣ ቀጭን ዘይት በጥቂቱ ቀብቶ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

የክረምቱ ጊዜ ሌላ ነገር ያመጣል። የጀዚራ ጥቁር አፈር በበጋ ቀጭን ጎማ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ መንኰራኵሩን ያቆመዋል። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ አንድ ስንዝር ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ዋጋም የለውም።

ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በገላባትና በመተማ ወደ ጎንደር የሚሻገረው መንገድ ከሩቅ አገር ብስክሌተኞች ዘንድ የታወቀው፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን የነበረው ቱር ዳፍሪክ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ነው። ከመተማ ቈላ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው አንድ ጥንድ የፍሬን ላስቲክና ሁለት ሦስት የመንኰራኵር ቀጫጭን ሽቦ መጨመር ይገባዋል። ሽቦዎቹን በብስክሌቱ ብረት ላይ በፕላስተር ማሰር ይቻላል። ይሁን እንጂ የነዚያ ተወዳዳሪዎች ቦርሳ ማነስ ብቻውን የሚጓዘውን ሰው ሊያሳስተው አይገባም፤ የእነርሱ ከባድ ዕቃ በመኪና የሚከተላቸው ነበርና።

በቀድሞው ጊዜ የካርቱም ብስክሌተኛ መሣሪያ ባይዝም፣ ዐጀላቲ የሚባለውን ጠጋኝ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ መጠጫውንም በየመንገዱ ከሚቆመው የሸክላ ዚር አገኛለሁ ብሎ ይተማመን ነበር። በ2023 ሚያዝያ ወር በከተማይቱ የተነሣው ጦርነት ይህን ልማድ አፈረሰው። በደይም ሰፈር ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ መኪናዎች ተዘረፉ፤ ቤንዚን ጠፋ፤ ሱቆች ተዘጉ። የሻምባት ድልድይ በዚያው ዓመት በኅዳር በመፍረሱ ከባሕሪ ወደ ኦምዱርማን በዚያ በኩል ይሻገር የነበረ ሰው ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። የሱዳን ሠራዊት ከተማይቱን በ2025 መጋቢት መልሶ ቢይዝም፣ የሱቁንና የጠጋኙን መመለስ አስቀድሞ ተስፋ አድርጎ ባዶ እጁን የሚወጣ ተጓዥ የሚያተርፈው ጥቂት መቶ ግራም ብቻ ነው።

ዕቃው ሁሉ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከኰርቻው በታች ይታሰር። ካላማዳሪው ብረት እንዳይፍቀው ለብቻው በላስቲክ ከረጢት ይሁን። ማስቲሹ ግን ፀሐይ በሚመታው ጎን ሳይሆን በጨርቁ መካከል ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ተጭነው ይፈትኑት፤ የደረቀ እንደ ሆነ ወዲያው ይለወጥ።