ምርጡ አውራ ዶሮ ለዘር ይቅር

በዓል ሲቃረብ የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ አውራ ዶሮ የሚመርጠው በላባውና በቁመናው ነው። ቀዩ፣ ገብስማውና ድርቡ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ዳሩ ግን ገበሬው መልካሙን ሸጦ ቀጫጫውን ለዘር ሲያስቀር መንጋው ከዓመት ዓመት ይደክማል።

በውጭ አገር ድንክ ዶሮ አርብተው ለውበት ውድድር የሚያቀርቡ ሰዎች ምርጡን ለዘር ያስቀራሉ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2000 ዓ.ም. የጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያም መሠረቱ ዘር መምረጥ ነው።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ከበዓል በፊት ለአሥር ሴት ዶሮ አንድ ምርጥ አውራ እንዲቀር አባላትን ሊያስተባብሩ ይገባል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይዳቀል አውራው በየዓመቱ ከሌላ መንደር ይለወጥ። አዲስ ገቢው ፈንግል እንዳያዛምት ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ መንጋውም ይከተብ።