የሚሰፋው ዩኒቨርስ ሂሳብ

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ባለው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የአካውንቲንግ ተማሪ ገና ከጅምሩ የሚማረው ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣት እንዳለባቸው ነው። ፊዚክስም እንዲህ ያለ መዝገብ አለው፤ ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይቀይራል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተተከለው፣ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ተርባይኑ ኃይል በወሰደ ቁጥር ነፋሱ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ወደ መላው ዩኒቨርስ ሲሄዱ ግን መዝገቡ አልዘጋ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በጣም ሩቅ የፈነዱ ከዋክብትን ብርሃን ሲለኩ ከጠበቁት በላይ ደብዝዞ አገኙት። የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ ነበር። ሶል ፐርልሙተር፣ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ ለዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የፍጥነቱ ምክንያት የተባለው ነገር ዳርክ ኢነርጂ ወይም ጨለማ ኃይል ይባላል፤ በዩኒቨርስ ካለው ኃይል ሁሉ 70 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በቅርብ ሲያዩት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው፣ ባለ 60 ዋት አምፖል በአንድ ሴኮንድ ከሚፈጀው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ጉልበቱ የቦታው ስፋት ነው። እስካሁን በተሻለ በሚታወቀው ቀመር መሠረት፣ ቦታ ሲሰፋ አይሳሳም፤ ቦታው እጥፍ ሲሆን እሱም እጥፍ ይሆናል።

ጭማሪው ከየት መጣ? በአንጻሩ ደግሞ ከዩኒቨርስ ልጅነት የተረፈው ጥንታዊ ብርሃን ሞገዱ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጦ፣ ኃይሉም በዚያው ልክ አንሷል። የጎደለው የት ገባ?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተመችው ጀርመናዊቷ የሂሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር ናት። ሴት በመሆኗ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በራሷ ስም እንዳታስተምር ለዓመታት የተከለከለች ሴት ናት፤ ስሟ ከአንስታይን ጎን መጠራት ይገባዋል። ኃይል የማይጠፋው ሁኔታዎች በጊዜ የማይለዋወጡ ከሆነ ብቻ መሆኑን አሳየች። የሚሰፋ ዩኒቨርስ ደግሞ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አልተሻረም፤ የቆመበት ቅድመ ሁኔታ ነው የታጣው። በትንሽ ቦታ ውስጥ ግን እንደጸና ነው። ጋዝ ሲሰፋ ዙሪያውን ስለሚገፋ ኃይል ያጣል፤ የጨለማ ኃይል ግፊት አሉታዊ በመሆኑ በዚያው ቀመር ሲሰፋ ኃይሉ ይጨምራል።

አንዳንድ ሊቃውንት የስበትን ኃይል በአሉታዊ ቁጥር እየቆጠሩ ሚዛኑን ለማስታረቅ ይሞክራሉ። ለመላው ዩኒቨርስ ሁሉንም የሚያስማማ አቆጣጠር ስላልተገኘ፣ የጎደለ ሂሳብ አለ ከማለት የሚዘጋ ሂሳብ የለም ማለቱ ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ «ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለውን በሰሌዳ ላይ ስትጽፉ የኖተርን ቅድመ ሁኔታም ከሥሩ ጨምሩበት።