አንያኖስን ማን ጠራው?

ሰሞኑን ወልድያ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ቅዱስ ድሜጥሮስ በዓለም እጅግ የተጠቀሰ የሥነ ፈለክ ሊቅ መሆኑ «በኮምፒውተር ተረጋግጧል»፣ ኮፐርኒከስንም አስከንድቷል ይላል። ማን እንዳረጋገጠው፣ ምን ላይ ሆኖ እንደቆጠረ አይናገርም። ለማረም የተነሱት ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመሩበት። ድሜጥሮስ ቀመረው ለሚባለው የበዓላት ስሌት፣ ለባሕረ ሐሳብ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ዋቢ ስላጡ «እንግዲያው ባሕረ ሐሳብ በሳይንስ ዘንድ ተጽዕኖ የለውም» ብለው ዘጉት። ሁለቱም ወገኖች የሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ስም መጥራትንና ተጽዕኖን አንድ አድርገዋል።

ስለ ቆጠራው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሐሳቡን ሲያቀርብ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) አርአያ ያደረገው የጠበቆችን መዝገብ ነበር፤ አንድን የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የትኞቹ ችሎቶች እንደጠቀሱት የሚያሳይ መዝገብ። ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ኤች ኢንዴክስን ጨመረበት፤ 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ መለኪያህ 20 ነው። መጽሔት ላይ ለሚጽፍ የዘመናችን ተመራማሪ የተሰፋ ልብስ ነው። እንደ ድሜጥሮስ ላለ የሦስተኛው መቶ ዘመን ፓትርያርክ ልኩ አይደለም።

ተጽዕኖው የት እንዳለ ለማየት የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ እናውጣ። ከፍጥረት እስከ ሥጋዌ የሚቆጠረው 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበር 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተበላሽቷል። የቀረውን ተውሳክ የሚባለው የቀን ጭማሪ ጨራርሶ ሚያዝያ 4 ላይ ያደርሳል።

እነዚያ 11 እና 19 ከየት መጡ? የአብነት ተማሪን ብትጠይቁት ድሜጥሮስ ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ ገባ ይላችኋል። 23 በ7 ሲባዛ 161፤ በ30 ሲገደፍ 11። 7 በ7 ሲባዛ 49፤ ሲገደፍ 19። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ስሙ በግርጌ ማስታወሻ አልተቀመጠም፤ ከቁጥሩ ጋር ተሰፍቷል። 11ን የተማረ ሁሉ ድሜጥሮስን አብሮ ይማራል። ጸሐፊ ቢዘል፣ ብራና ቢቀደድ ስሙ አይወድቅም። የትኛውም መጽሔት እንዲህ ያለ የዋቢ ሥርዓት የለውም።

5500 ግን ባለቤት የለውም። ይህን አቆጣጠር ያጸናው በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን መገናኛ እስክንድርያ የነበረው መነኩሴ አንያኖስ ነው። የ19 ዓመቱን የጨረቃ ዙር በ28ቱ የፀሐይ ዙር አባዝቶ 532 ዓመት ላይ አቆመው፤ እኛ ዐቢይ ቀመር የምንለው ነው። ፍጥረትን በ5492 ከክርስቶስ ልደት በፊት ስላደረገው ሥጋዌ በ9 እ.ኤ.አ. ላይ ዋለለት፤ ከፈረንጆች የምንለይባቸው 7 ወይም 8 ዓመታት ከዚያ የመጡ ናቸው። መርሳ ላይ የመሬት ውል የሚጽፍ ሰው ቀን ባስገባ ቁጥር አንያኖስን ይጠቀማል፤ የሚጠቅሰው ግን የለም። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል። የምናውቀው በዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጊዮርጊስ ሲንኬሎስ የተባለ የቁስጥንጥንያ መነኩሴ ስለጠቀሰው ነው። ነገሩ እንደ መስኖ ነው፦ በሀብሩ የመስኖ ተራ ሲደርስ የሚጠራው ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው፤ ቦዩን የቀደደው አይነሳም፣ ውሃው ግን በእሱ ቦይ ይመጣል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ይህን በ1968 አስተውሎታል፤ አንድ ግኝት የሁሉም ሲሆን የአግኚው ስም በውስጡ ሟሙቶ ይጠፋል።

ስለዚህ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሰዎች ስም ትተው ቁጥር ያሳድዳሉ። የአይሁድ የዘመን መቁጠሪያ ለአንድ ጨረቃ 29 ቀን፣ 12 ሰዓት፣ 44 ደቂቃና ከ3 ሴኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ይሰጣል። ፍራንዝ ኩግለር በ1900 ይህንኑ ቁጥር፣ እስከ መጨረሻው ክፋይ፣ በባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ አሳየ። እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ አይገጥምም። ኦቶ ኖይገባወርም በ1979 ባወጣው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክ ጥናቱ የግእዙን ሐሳብ በዚሁ መንገድ እስከ እስክንድርያ ተከትሎታል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እኛው ቁጥር አሳዳጆቹም እንጣላለን። 5500 ክብ ቁጥር ነው፤ ከአንያኖስ በፊት የነበሩም ተጠቅመውበታል፣ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከ532 ጋር ሲጣመር ነው የሚናገረው። ከአንያኖስ ድርሻ የትኛው የዘመነኛው የፓኖዶሮስ፣ የትኛውስ ቀደም ሲል የ19 ዓመቱን ዙር ለፋሲካ ያዋለው የአናጦልዮስ እንደሆነ ያከራክራል። ለድሜጥሮስ የሚሰጠውንም ብዙ ተመራማሪዎች የኋላ ትውፊት ያደርጉታል።

ከኮፐርኒከስም ዘንድ ነገሩ አልጠራም። በ1543 መጽሐፉ አል-ባታኒን ደጋግሞ በስም ይጠራል። የደማስቆው ኢብን አል-ሻጢር የጨረቃ ስሌት ከኮፐርኒከስ ጋር በሒሳብ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ አንድም ቦታ የለም። ወሰደ? በራሱ ደረሰበት? አሁንም ይከራከሩበታል። የኮፐርኒከስን መጽሐፍ ደግሞ አርተር ኬስለር በ1959 «ማንም ያላነበበው» ብሎት ነበር። ኦወን ጊንገሪች ለ30 ዓመት ያህል እየዞረ ወደ 600 የሚጠጉ ቅጂዎችን በእጁ ገለጠ፤ የብዙዎቹን ኅዳግ በአንባቢዎች የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አገኘው። የትኛውም የጥቅስ ቆጠራ እነዚያን ኅዳጎች አያያቸውም።

የእኛ ሥራም እንዲሁ ነው። ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. ያሳተሙት «ባሕረ ሐሳብ» በአማርኛ ነው፤ ትልልቆቹ ማውጫዎች አማርኛ መጻሕፍትን እምብዛም አይቆጥሩም፣ ደራሲውንም በአባታቸው ስም «ኃይሌ፣ ጌ.» ብለው ከሌሎች ኃይሌዎች ጋር ይደባልቃሉ። የሚቆጠር ነገር ግን በእጃችን አለ። ከመርሳ ወደ ደሴ ስንሄድ የምናገኘውን ሐይቅ እስጢፋኖስን ጨምሮ የብዙ ገዳማት ብራናዎች ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ርእስ የቸገረው ተማሪ ካለ፣ የሐሳብ ድርሳናቱን ይዞ 532 የት የት እንዳለ፣ ድሜጥሮስ የት እንደተጠራ፣ አቡሻክር የተባለው የሐሳብ መጽሐፍ የት እንደተገለበጠ በሦስት ዓምድ ይመዝግብ።