ከመዳፍ ወደ ሳሎን የተሻገሩ ጌሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ይጀምርና ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ደጋው ብዙም ሳይቆይ ቆላ ይሆናል፤ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። መንገዱ ረጅም ነውና ወጣቱ ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው ስልኩ ላይ ጌም እየተጫወተ ነው። ከተማ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ይጠብቀዋል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ከተሞች ጌም ቤት አይጠፋም፤ ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁና አስተያየት የሚሰጡ ልጆች።

ሁለቱም ጌም ይባላሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የመዳፉ ጨዋታ የመንገድ፣ የጥበቃና የአጭር እረፍት ነው፤ የቴሌቪዥኑ ደግሞ የቤትና የተመልካች። የዓለም የጌም ኢንዱስትሪም ለሠላሳ ዓመት ገደማ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ተከፍሎ ኖሯል። ክፍፍሉን ያፈረሰው በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ የዋለው ኒንቴንዶ ስዊች ነው። መንገድ ላይ በእጅ ይያዛል፤ ቤት ሲገባ ዶክ የሚሉት ማስቀመጫው ላይ ሲሰካ ያው ጨዋታ ካቆመበት ቴሌቪዥን ላይ ይቀጥላል። ለመዳፍ ብቻ ተብለው ተፈጥረው የኖሩ ጌሞች በሙሉ ከዚያ ወዲህ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ትንሹን ስክሪን ሲለቁ ምን ይዘው፣ ምን ጥለው ይሄዳሉ?

የመዳፍ ጌሞች የትልልቆቹ ትንንሽ ቅጂዎች አልነበሩም። ራሳቸውን የቻሉ ጥበብ ነበሩ፤ ጥበቡ የተወለደውም ከእጥረት ነው። በጃፓን ኪዮቶ ከተማ በ1889 የመጫወቻ ካርታ በማምረት ሥራ የጀመረው ኒንቴንዶ፣ ጌም ቦይን ለገበያ ያቀረበው በሚያዝያ 1989 ነው። መሐንዲሱ ጉንፔ ዮኮይ የሚያምንበት መርህ ነበረው፤ አዲስና ውድ ቴክኖሎጂን ከማሳደድ ይልቅ የቆየውን፣ የረከሰውንና የተፈተነውን ወስዶ ባልታሰበ መንገድ መጠቀም። ስለዚህ የጌም ቦይ ስክሪን ቀለም አልነበረውም፤ ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 144 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ያለውም አራት ዓይነት ድምቀት ነው። በዓመቱ ሴጋ ባለ ቀለሙን ጌም ጊር አመጣ። ቀለሙ ያምራል፤ ነገር ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርስ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለሚኖር አንባቢ የትኛው እንዳሸነፈ ማስረዳት አያስፈልግም። ጌም ቦይና ባለ ቀለሙ ተከታዩ በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

ዲዛይነሮቹ በዚያች ጠባብ ስክሪን ውስጥ መኖርን ተማሩ። በ1993 የወጣው የዜልዳ ተከታታይ ክፍል፣ ሊንክስ አዌክኒንግ፣ ዓለሙን በአንድ ስክሪን ልክ ቆራርጦ ነበር የሠራው። ተጫዋቹ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ምስሉ ተንሸራቶ ቀጣዩ ክፍል ይመጣል። ዕቃ መጠቀሚያ ቁልፎቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ መዝለያ ላባ፣ ድንጋይ ማንሻ አምባር፣ ሁሉም በተራ እየተቀያየሩ ይገባሉ። በ2019 ለስዊች እንደገና ሲሠራ ሰይፍና ጋሻ የራሳቸው ቁልፍ ተሰጣቸው፤ የውጭው ዓለምም ሳይቆራረጥ የሚታይ ሆነ። ካርታው ግን ከሞላ ጎደል ያው የድሮው ነው። ሠሪዎቹ ጨዋታው የሚካሄድባትን ደሴት ማስፋት ይችሉ ነበር፤ አላሰፏትም። የዚያ ጨዋታ ውበት እያንዳንዱ ጥግ የሚታወስ መሆኑ ነበርና ትክክል አድርገዋል።

ፖኪሞን ከሁሉም የከበደው ጉዳይ ነው። ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ ሁለት ጌም ቦዮችን የሚያገናኘውን ገመድ ሲያይ የታየው ፍጥረታት ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ድልድይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች በየካቲት 1996 ጃፓን ውስጥ ሲወጡ አንዱን ብቻ የገዛ ልጅ ሁሉንም ፍጥረት መያዝ አይችልም ነበር፤ ከጓደኛው መለዋወጥ አለበት። ጨዋታው ያለ ጓደኛ ጎደሎ እንዲሆን ሆን ተብሎ ተሠራ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ሁለቱ ልጆች የየራሳቸውን መጫወቻ ይዘው ፊት ለፊት ካልተገናኙ አይሠራም፤ ለሳሎን ቴሌቪዥንም ሊታሰብ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ዋናዎቹ የፖኪሞን ጌሞች በእጅ መጫወቻ ላይ ብቻ ኖሩ። አዲስ መጫወቻ ሲመጣ የድሮ ፍጥረቶቹን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ብዙ ተጫዋች ነበር፤ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያሳደገውን ፍጥረት ይዞ የሚዞር አለ። በኅዳር 2019 ሶርድ እና ሺልድ ለስዊች ሲወጡ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። አዘጋጁ ጁኒቺ ማሱዳ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሁሉም ፍጥረታት እንደማይሻገሩ አስታወቀ። ቁጥራቸው ከ800 አልፎ ነበር፤ ጌሞቹ ሲወጡ በአዲሱ ምድር መዝገብ ውስጥ የገቡት 400 ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በትንሿ ስክሪን በጥቂት ነጥቦች የሚታይ ፍጥረት በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ቆዳው፣ አካሄዱ፣ የፊቱ ገጽታ ሁሉ በዝርዝር ይታያል፤ እያንዳንዱን በዚያ ጥራት ማዘጋጀትና በውጊያ ማመጣጠን ትልቅ ድካም ነው።

ተጫዋቾች ተቆጡ። ቁጣቸውን የልጅነት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አብሯቸው የኖረ ነገር በር ላይ ሲቀር ማየት ያማል። ሽያጩን ግን አልነካውም፤ ሁለቱ ጌሞች ከ26 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በኅዳር 2022 ስካርሌት እና ቫዮሌት ወጡ። ከዳር እስከ ዳር ክፍት የሆነ ምድር ይዘው መጡ፤ በሦስት ቀን ብቻ 10 ሚሊዮን ተሸጡ። ደግሞም ምስላቸው ይንቀረፈፍ፣ ይቆራረጥ ነበር፤ ኒንቴንዶ በታኅሣሥ ወር ማስተካከያ ሲያወጣ ስለ ችግሩ ይቅርታ ጠየቀ። ምስሉ በደንብ የተስተካከለው በሰኔ 2025 ስዊች 2 ወጥቶ፣ ጌሙ በአዲሱ ማሽን ጉልበት ሲታገዝ ነው። የትንሽ ስክሪን ባለሙያ የነበረ ቡድን ትልቅ ዓለም መገንባትን በሕዝብ ፊት፣ በገዢው ገንዘብ ተማረ ማለት ይቻላል።

ሽግግሩ ለምን ግዴታ ሆነ? ኒንቴንዶ ሁለት ዓይነት ማሽን በአንድ ጊዜ መመገብ ስላቃተው ነው። ባለ ሁለት ስክሪኑ ዲኤስ ከ154 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ነበር። ተከታዩ 3ዲኤስ በ2011 ሲወጣ ገበያው ቀዘቀዘና በወራት ውስጥ የአሜሪካ ዋጋው ከ250 ወደ 170 ዶላር ወረደ። የቴሌቪዥኑ ዊ ዩ በዕድሜው ሁሉ 14 ሚሊዮን እንኳ አልደረሰም። በዚያ ላይ ስልክ መጣ። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ በ2013 የእጅና የቤት መጫወቻ መሐንዲሶችን አንድ ክፍል ውስጥ አዋሃዳቸው። ኢዋታ በሐምሌ 2015 አረፈ፤ የዚያ ውሕደት ፍሬ የሆነውን ስዊችን ለማየት አልታደለም። ስዊች እስካሁን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ከፖኪሞን ይልቅ በጥሩ ሁኔታ የተሻገረው ሞንስተር ሀንተር ይመስላል። ይህ የካፕኮም ጌም በጃፓን ገኖ የወጣው በሶኒ የእጅ መጫወቻ በፒኤስፒ ላይ ነው፤ ወጣቶች በየካፌው ክብ ሠርተው አራት አራት ሆነው አውሬ ያድኑ ነበር። ማሽኑ ደካማ ስለነበረ የአደኑ ምድር በቁጥር በተለዩ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ትንሽ መጠበቅ ግድ ነው። በመጋቢት 2021 በወጣውና ራይዝ በተባለው ጌም ውስጥ ክፍልፋዮቹ የሉም፤ አዳኙ ውሻ ላይ ተቀምጦ፣ በነፍሳት ክር እየተስፈነጠረ ከገደል ገደል ይሻገራል። ሠሪዎቹ ግን አንድ ነገር ጠበቁ፤ አንድ አደን ከአጭር እረፍት ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ቀረ። የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ተጀምሮ የሚያልቅ ጨዋታ ሳሎን ውስጥም አይሰለችም። ለመንገድ የተበጀ ልክ ለቤትም ይበቃል፤ የቤቱን ልክ ይዞ መንገድ መውጣት ነው የሚያስቸግረው።

እዚህ ላይ ገበጣን ማሰብ ይጠቅማል። እረኛው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ይጫወተዋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የተጠረበ እንጨት ላይ በዘር ፍሬ ይጫወቱታል። ሕጉ በጉድጓዶቹና በፍሬዎቹ ቁጥር ውስጥ ስላለ መደቡ ቢለወጥ ጨዋታው አይጎዳም። ችግር የሚመጣው መደቡ ራሱ የሕጉ አካል ሲሆን ነው።

ኤትሪያን ኦዲሲ እንዲህ ያለ ጌም ነበር። አትለስ የተባለው ኩባንያ በ2007 ለዲኤስ ሲያወጣው ላይኛው ስክሪን የዋሻውን መንገድ ያሳያል፤ ታችኛው ባዶ ወረቀት ነው። ተጫዋቹ በእስክሪብቶ መሰል ዘንግ ካርታውን ራሱ ይሥላል፤ ግድግዳውን ያሰምራል፣ በሩን ምልክት ያደርጋል። ካልሣለ ይጠፋል። ያ ጌም ከሁለቱ ስክሪኖች ውጭ ሊታሰብ የማይችል ይመስል ነበር። በሰኔ 2023 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ለስዊች ሲወጡ ካርታው በአንዱ ስክሪን ጎን እንዲቀመጥ ተደረገ፤ በእጅ ሲያዝ በጣት፣ ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን በጆይስቲክ ይሣላል። ይሠራል። ሆኖም በዘንግ መስመር ሲያሰምሩ የነበረው የእጅ ደስታ ቀንሷል፤ ይህን የሚክድ የድሮ ተጫዋች ያለ አይመስልም።

ሌሎቹ በቀላሉ አልፈዋል። በ3ዲኤስ ላይ ከመዘጋት ለጥቂት የተረፈው ፋየር ኤምብለም በ2019 ስሪ ሀውስስ በተባለው ክፍሉ ወደ ትልቁ ስክሪን መጥቶ ተወዳጅ ሆነ። ሜትሮይድ ድሬድ ለዲኤስ ታስቦ ቴክኖሎጂው አልደርስ ስላለ ተቀምጦ የነበረ ሐሳብ ነው፤ በጥቅምት 2021 በስዊች እውን ሆነ። አኒማል ክሮሲንግ በመጋቢት 2020 ዓለም በኮሮና በሩን በዘጋበት ሳምንት ወጣና በስድስት ሳምንት ከ13 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ያልተሻገሩትስ? የ3ዲኤስ የኢንተርኔት መደብር በመጋቢት 27 ቀን 2023 ለግዢ ተዘግቷል። በዚያ መደብር ብቻ ይሸጡ የነበሩና ካሴት ያልወጣላቸው ጌሞች ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ቦታ የለም። በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአገሪቱ ከወጡት ጌሞች 87 ከመቶው ገበያ ላይ አይገኙም። አንድ ጌም ወደ አዲስ ማሽን ሲሻገር ንግድ ብቻ አይደለም፤ ከመጥፋት መትረፍም ነው። በዚህ ረገድ እንከን ያለበት ሽግግር እንኳ ጨርሶ ካለመሻገር ይሻላል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ፣ የምትሮጠዋን ዶሮ ኩኩሉን ለስልክ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። የኢትዮጵያ ጌም የተወለደው በመዳፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ ስልኩ የእኛ ጌም ቦይ ነው። ስልክ ደግሞ ከጌም ቦይ ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ የስልኩ ሥርዓተ ክወና ሲታደስ ያልታደሰ ጌም ከመደብሩ ይወርዳል፣ አዲስ ስልክ ላይም አይከፈትም። ስለዚህ ዛሬ ጌም የምትሠሩ ወጣቶች፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በአንድ ላፕቶፕ ብቻ አትተማመኑ። ኮዱን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ ጌሙ በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው እትም እንደተሠራ ጽፋችሁ ያዙ፤ ለትንሹ ስክሪን ስትሉ የወሰናችሁትን ውሳኔ ከነምክንያቱ መዝግቡ። ነገ ጌማችሁን ወደ ሌላ ማሽን የሚያሻግረው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።